ለትምህርት አንድ፣ ለጨዋታ ሌላ ኮምፒዩተር መግዛት ይብቃን

የትምህርት ዘመን ሊጀመር ሲል ከፌርፋክስ ጎዳና እስከ ፓሳዴና ባሉ የኢትዮጵያውያን ቤቶች አንድ ዓይነት ክርክር ይነሣል። ልጅ ጠንካራ ግራፊክስ ካርድ ያለው ዴስክቶፕ ኮምፒዩተር እንዲገዛለት ይጠይቃል። አባት «ይህማ ለጨዋታ ነው» ብሎ ፊቱን ያዞራል፤ እናት «ለትምህርቱ የሚሆነውን ብቻ እንግዛለት» ብላ ታስታርቃለች። በመጨረሻ ቀጭን ላፕቶፕ ይገዛል። ጥቂት ወራት ቆይቶ ደግሞ ልጁ ልደቱን ወይም ገናን ሰበብ አድርጎ ከቴሌቪዥን ጋር የሚገናኝ የጨዋታ ማሽን ያስገዛል። ቤተሰቡ ሁለት ጊዜ ከፈለ፤ ሆኖም ልጁ ከፍቶ ሊያየው፣ ሊጠግነውና ሊያሻሽለው የሚችል አንድም ዕቃ ወደ ቤቱ አልገባም።

የዚህ ጽሑፍ አቋም ግልጽ ነው። ለሥራም ለጨዋታም የሚያገለግል አንድ ዴስክቶፕ፣ ክፍሎቹ ታስቦባቸው ተመርጠው በቤት ውስጥ በልጁ እጅ ቢገጣጠም፣ ለቤተሰቡ ኪስም ለልጁ አእምሮም ይበጃል። «የትምህርት ኮምፒዩተር» እና «የጨዋታ ኮምፒዩተር» የሚለው ክፍፍል በሳይንሱ ታሪክ ውስጥ መሠረት የለውም።

ለዚህ ዋናው ምስክር ግራፊክስ ካርዱ ራሱ ነው። ኤንቪዲያ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1993 በሳን ሆዜ ከተማ፣ ዴኒስ በሚባል ተራ ምግብ ቤት በተደረገ ውይይት ሲጠነሰስ፣ ትኩረቱ የኮምፒዩተር ጨዋታ ምስሎችን በፍጥነት የሚያወጣ ቺፕ መሥራት ነበር። አንድን የጨዋታ ምስል ለማሳየት ሚሊዮን ነጥቦችን በቅጽበት ማስላት ያስፈልጋል። ስለዚህ ካርዱ ቀላል ስሌቶችን ለብዙ ትንንሽ አስሊዎች አከፋፍሎ ጎን ለጎን ያሠራል። ይኸው ባሕርይ ለአየር ትንበያ፣ ለሕክምና ምስልና ለሰው ሠራሽ አስተውሎትም የሚፈለግ ሆኖ ተገኘ። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2006 ኩዳ የተሰኘውን ሥርዓት ይፋ ሲያደርግ፣ የጨዋታ ካርድን ለሳይንሳዊ ስሌት ማዘዝ ቀላል ሆነ።

እ.ኤ.አ. በ2012 የሆነውን ደግሞ ወላጆች ሁሉ ቢያውቁት መልካም ነው። የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው አሌክስ ክሪዤቭስኪ፣ ከኢልያ ሱትስኬቨርና ከመምህራቸው ከጄፍሪ ሂንተን ጋር ሆኖ፣ ምስልን የሚለይ አሌክስኔት የተባለ ሥርዓት ሠራ። ሥርዓቱ የሠለጠነው ጂቲኤክስ 580 በተባሉ ሁለት የጨዋታ ካርዶች ነበር። እያንዳንዱ ካርድ የነበረው ማህደረ ትውስታ 3 ጊጋባይት ብቻ ሲሆን፣ ኮምፒዩተሩም የተቀመጠው በወላጆቹ ቤት፣ በተማሪው መኝታ ክፍል ነበር። ዛሬ ዓለም የሚነጋገርበት የሰው ሠራሽ አስተውሎት ግስጋሴ ትልቅ መነሻ ያገኘው ከዚያ ክፍል ነው።

ፓሳዴናም የራሷ ምስክርነት አላት። በዚያች ከተማ በሚገኘው ካልቴክ፣ ቻርልስ ሳይትዝና ጄፍሪ ፎክስ የተባሉ ምሁራን እ.ኤ.አ. በ1983 ኮስሚክ ኪዩብ የተሰኘ ማሽን ሥራ አስጀመሩ። ታላላቅ ኮምፒዩተሮች በሚሊዮን ዶላር በሚሸጡበት ዘመን፣ እነርሱ 64 የኢንቴል 8086 ፕሮሰሰሮችን አያይዘው የፊዚክስ ስሌት አሠሩባቸው። እነዚህ ፕሮሰሰሮች በዘመኑ ለቤትና ለቢሮ ኮምፒዩተር ይውሉ ከነበሩት ጋር አንድ ቤተሰብ ነበሩ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው አባባላችን እዚያ በሽቦና በሲሊከን ታየ። ቁም ነገሩ በገበያ ያለውን ዕቃ ለራስ ዓላማ አስማምቶ መገጣጠም መቻሉ ነው።

ዝግ ዕቃ ግን ይህን ዕድል ይነፍጋል። ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ2023 ያጸደቀችውና ከጁላይ 1 ቀን 2024 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የመጠገን መብት ሕግ፣ አምራቾች ዋጋቸው 100 ዶላርና ከዚያ በላይ ለሆኑ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች መለዋወጫ፣ መሣሪያና መመሪያ ለሰባት ዓመት እንዲያቀርቡ ያስገድዳል። ነገር ግን የጨዋታ ማሽኖችን ከግዴታው ውጭ አድርጓቸዋል። ብዙ ቀጫጭን ላፕቶፖች ደግሞ ራማቸው ከማዘርቦርዱ ጋር ስለተበየደ በኋላ መጨመር አይቻልም። በዴስክቶፕ ላይ የተበላሸው ክፍል ብቻ ይቀየራል፤ ሌላው አገልግሎቱን ይቀጥላል።

ታዲያ ለሥራም ለጨዋታም የሚሆነው እንዴት ይመረጣል? መጀመሪያ ሥራው ምን እንደሆነ መለየት ይገባል። ለሒሳብ መዝገብና ለጽሑፍ ከሆነ መካከለኛ ፕሮሰሰር ከበቂ በላይ ነው። ቪዲዮ ለሚያቀናብር፣ ፕሮግራም ለሚጽፍ ወይም የምህንድስና ንድፍ ለሚሠራ ግን ስምንት ኮር ያለው ፕሮሰሰርና 32 ጊጋባይት ራም ይመከራል። የግራፊክስ ካርዱ ማህደረ ትውስታ 8 ጊጋባይት ቢሆን ለተለመደው የሙሉ ኤችዲ ስክሪን ጨዋታ ይበቃል። ቪዲዮ ማቀናበርና አነስተኛ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሞዴል መሞከር ለሚፈልግ ከ12 እስከ 16 ጊጋባይት ያለው ይሻላል። ፋይል ማስቀመጫው 1 ቴራባይት ኤስኤስዲ ይሁን። ማዘርቦርዱም ነገ አዲስ ፕሮሰሰር የሚቀበል ቢሆን ይመረጣል፤ ኤኤምዲ ለምሳሌ ኤኤም5 ለተባለው መሰኪያ ቢያንስ እስከ 2027 ድጋፍ እንደሚሰጥ አስታውቋል።

ገንዘብ ለመቆጠብ ሲባል ፈጽሞ መነካት የሌለበት ክፍል ፓወር ሰፕላዩ ነው። የብዙ ሰው ዓይን በሚያበሩ ማራገቢያዎችና በመስታወት ኬዝ ላይ ያርፋል። ይሁንና ርካሽ ፓወር ሰፕላይ ሲበላሽ ሌሎቹን ውድ ክፍሎች ይዞ ሊጠፋ ይችላል። መካከለኛ ካርድ ላለው ማሽን ከታወቀ አምራች የተገዛ ከ650 እስከ 750 ዋት ያለው ተገቢ ነው።

ዕቃውን በዓይን አይቶ መግዛት ለሚሻ፣ የበርባንኩ ፍራይስ ከነመላው ሰንሰለቱ እ.ኤ.አ. በ2021 ከተዘጋ ወዲህ፣ በኦሬንጅ ካውንቲ ታስቲን ከተማ ያለው ማይክሮ ሴንተር ዋና አማራጭ ሆኗል። መገጣጠሙ ለጀማሪ የአንድ ቅዳሜ ከሰዓት ሥራ ነው፤ አንድ ጠመንዢያ መፍቻ ይበቃል። ጥንቃቄዎቹም ጥቂት ናቸው፦ ክፍሎቹን ከመንካት በፊት ብረት ነክቶ የሰውነትን ስታቲክ ኤሌክትሪክ ማስወገድ፣ ፕሮሰሰሩን ያለ ኃይል በምልክቱ አቅጣጫ ማስቀመጥ፣ በመጨረሻም የስክሪኑን ገመድ በማዘርቦርዱ ላይ ሳይሆን በግራፊክስ ካርዱ ላይ መሰካት። ይህ የመጨረሻው ሲዘነጋ ካርዱ ያለ ሥራ ይቀመጣል።

ተቃውሞዎች መኖራቸው አይካድም። የመጀመሪያው ዋጋ ነው። የሰው ሠራሽ አስተውሎት ማዕከላት የዓለምን የሜሞሪ ምርት እየወሰዱ ስለሆነ ራም ተወድዷል፤ ማይክሮን በታኅሣሥ 2025 ክሩሻል በተባለው ስሙ ለተራው ሸማች መሸጡን እንደሚያቆም አስታውቋል። ሆኖም የዴስክቶፕ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው፤ ዛሬ በ16 ጊጋባይት ጀምሮ፣ ዋጋ ሲረጋጋ ወይም እቁብ ሲደርስ መጨመር ይቻላል። ሁለተኛው የመብራት ወጪ ነው። በጨዋታ ጊዜ 400 ዋት የሚወስድ ማሽን በቀን ሦስት ሰዓት ቢሠራ በወር 36 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል፤ ኪሎዋት ሰዓቱ በ30 ሳንቲም ቢታሰብ ከ11 ዶላር አያልፍም።

ሦስተኛውና ከባዱ ተቃውሞ የልጁ ጊዜ ነው። ጨዋታ ትምህርትን ሊሻማ እንደሚችል የወላጅ ስጋት ትክክል ነው። ነገር ግን ጊዜውን የሚበላው ከዴስክቶፕ ይልቅ ኪስ ውስጥ ገብቶ አልጋ ድረስ የሚከተለው ስልክ ነው። ዴስክቶፕ ሳሎን ውስጥ፣ በወላጅ ዓይን ሥር ይቀመጣል። ደግሞም በጀቱን ከአባቱ ጋር ተመካክሮ ያወጣ፣ ዋጋ ያወዳደረና ያልነሣውን ማሽን ስሕተቱን ፈልጎ ያስነሣ ልጅ፣ ከመማሪያ መጽሐፍ የማይገኝ ትምህርት አግኝቷል።

ጥቅሙ በአሜሪካ ብቻ አይወሰንም። ማሽኑ ሲተካ አሮጌው ለአገር ቤት ዘመድ ሊደርስ ይችላል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይባል፤ አሜሪካ 120 ቮልት፣ ኢትዮጵያ 220 ቮልት ትጠቀማለች። የዘመኑ አብዛኞቹ ፓወር ሰፕላዮች ከ100 እስከ 240 ቮልት በራሳቸው ይቀበላሉ፤ በአንዳንድ አሮጌዎች ጀርባ ላይ ግን 115 እና 230 የሚል ማብሪያ አለ። እርሱን ሳያዞሩ አዲስ አበባ ላይ መሰካት ማሽኑን ማቃጠል ነው። መለያውን ማንበብ፣ ስታቢላይዘር ወይም ዩፒኤስም ማዘጋጀት ይገባል።

ከሁሉም በላይ ግን የቋንቋችን ጉዳይ አለ። በ1980ዎቹ እንደ ፍስሐ አጥላውና አበራ ሞላ ያሉ ባለሙያዎች በአሜሪካ ሆነው ግዕዝን ኮምፒዩተር ላይ ለመጻፍ ባይለፉ፣ እ.ኤ.አ. በ1999 ፊደላችን ወደ ዩኒኮድ የገባበት መንገድ ይበልጥ በረዘመ ነበር። በአዲስ አበባ ቅኔ ጌምስ የተባለው ድርጅት ኩኩሉ የተሰኘ የሞባይል ጨዋታ ሠርቶ፣ ጨዋታ የራሳችንን ባህል ሊሸከም እንደሚችል አሳይቷል። ዛሬ አማርኛን የሚሰማ፣ የሚያነብና የሚተረጉም ሥርዓት ለመሥራት የሚያስፈልገው የመጀመሪያ መሣሪያ ያ አባቶች «ለጨዋታ ነው» ብለው የሚመልሱት ካርድ ነው።

ስለዚህ በሚመጣው የትምህርት ዘመን ልጁ ስለ ግራፊክስ ካርድ ሲያነሣ፣ ወላጅ በእምቢታ ፈንታ የገንዘቡን ልክ ይንገረው፤ የክፍሎቹን ዝርዝርና ምክንያቱን በወረቀት ጽፎ እንዲያቀርብም ይጠይቀው። ዝርዝሩን በአንድ ጠረጴዛ ላይ አብሮ ማየት የሥራው መጀመሪያ ነው።