የመጀመሪያውን ቃል ማን ይናገር?

ከማያውቁት ሰው ጋር መነጋገር ድፍረት የሚጠይቅ ሥራ ነው ቢባል ብዙ ሰው ይስቅ ይሆናል። መሣሪያ አያስፈልገው፤ ገንዘብ አያስወጣ፤ ፈቃድ የሚጠየቅበት መሥሪያ ቤት የለ። ይሁን እንጂ ከመርሳ ተነሥቶ ወደ ወልድያ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ የተሳፈሩትን ወጣቶች የተመለከተ ሰው ነገሩ የሚያሥቅ አለመሆኑን ይረዳዋል። መንገዱ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከኋላ የተቀመጡት ባላገሮች ገና ከመርሳ ሳይርቁ ስለ ማሽላው፣ ስለ ዝናቡና ስለ ከብት ዋጋ ጨዋታ ይጀምራሉ፤ ወልድያ ሲደርሱም የማን ልጅ ማንን እንዳገባ ሳይቀር ተጠያይቀው ይወርዳሉ። ደብተር የያዘው ተማሪና ቦርሳ ያንጠለጠለው ወጣት የመንግሥት ሠራተኛ ግን ትከሻ ለትከሻ ተነካክተው፤ ጆሯቸውን በማዳመጫ ደፍነው፤ ዓይናቸውን በየስልካቸው ላይ ተክለው፤ እንደ ሁለት የታሸጉ ደብዳቤዎች ይጓዛሉ። ፊደል ያልቆጠረው ባለ አፍ ሆኖ፤ ፊደል የቆጠረው አፍ ያጣበት ምክንያት ምን ይሆን?

ሽማግሌዎች ይህን ሲያዩ «ትምህርት አኩርቷቸው ነው» ይላሉ። ፍርዱ ትክክል አይመስለኝም። ኩሩ ሰው ዝም ሲል በፊቱ ላይ ዕረፍት ይታያል፤ በእኛ በወጣቶቹ ፊት ላይ የሚታየው ግን ጭንቀት ነው። እውነተኛው ምክንያት ፍርሃት ነው፤ ፍርሃቱም ሦስት መልክ አለው። አንደኛው «ባናግረው ባይመልስልኝስ?» የሚል ነው። ሁለተኛው «አንተ ልበለው ወይስ አንቱ? ብሳሳት ይታዘበኛል» የሚል ነው። ሦስተኛው «ማን እንደሆነ ሳላውቅ ምን አገባኝ?» የሚል ነው፤ ይህም ጥንቃቄ መስሎ ስለሚታይ ከሁሉም ይልቅ ሥር የሰደደ ነው። ሦስቱንም በየተራ እንመልከታቸው።

የመጀመሪያው ፍርሃት ከንቱ መሆኑን ሊቃውንት መርምረው አሳይተዋል። ኒኮላስ ኤፕሊና ጁሊያና ሽሮደር የተባሉ የሥነ ልቡና ተመራማሪዎች በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2014 ዓ.ም. ባሳተሙት ጥናት፤ በአሜሪካ አገር በቺካጎ ከተማ በባቡርና በአውቶቡስ የሚጓዙ ሰዎችን ከፋፍለው፤ አንዳንዶቹ አጠገባቸው ካለው ከማያውቁት ሰው ጋር እንዲነጋገሩ፤ አንዳንዶቹ ዝም ብለው ብቻቸውን እንዲጓዙ፤ የቀሩት እንደ ልማዳቸው እንዲሆኑ አደረጉ። ሌሎች መንገደኞች ደግሞ ግምታቸውን ቢጠየቁ «ብቻውን ዝም ያለው ይበልጥ ይደሰታል» አሉ። በተግባር የተገኘው ግን ተቃራኒው ነው፤ የተነጋገሩት ከዝምተኞቹ ይልቅ ጉዟቸው አስደስቷቸው ተገኘ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ እያንዳንዱ መንገደኛ «ጎረቤቴ መነጋገር አይወድም» ብሎ ስለሚገምት ሁሉም አፉን ዘግቶ ይወርዳል።

የወሎ ባላገር ይህን ቢሰማ «ለዚህስ ጥናት ያስፈልገው ኖሯልን?» ብሎ መገረሙ አይቀርም። በእርሱ ልማድ መንገደኛ ሲመሽበት ከማያውቀው ሰው ደጅ ቆሞ «የመሸብኝ እንግዳ ነኝ፤ አሳድሩኝ» ማለትን አያፍርበትም፤ የቤቱም ጌታ የእግዜር እንግዳ ብሎ መቀበልን እንደ ክብር ይቆጥረዋል። ቡና ሲፈላ ለአቦሉ የደረሰ ሰው፤ ጎረቤትም ይሁን አላፊ አግዳሚ፤ በረካውን ሳይጠጣ ቢነሣ ባለቤቲቱ ቅር ይላታል። እንግዲህ ከዚህ አገር በቅሎ፤ ወይም በዚህ አገር ሊማርና ሊሠራ መጥቶ፤ ጨዋታ የተጠማ ወጣት «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የተባለው ደረሰበት ማለት ነው።

ሁለተኛው ፍርሃት ከቋንቋችን ጠባይ የመጣ ነው። በእንግሊዝኛ ለንጉሥም ለእረኛም አንድ ቃል ይበቃል፤ በአማርኛ ግን አፍ እንደተከፈተ አንተ፣ አንቺ ወይም አንቱ ከሚለው አንዱን መምረጥ ግድ ነው። ሆኖም በሽታውን የሰጠን ቋንቋ መድኃኒቱንም አልነፈገንም። ለማናውቀው ሰው የዘመድ ስም አዘጋጅቶ ቆይቶናል፤ አባባ፣ እማማ፣ አያ፣ ወንድሜ፣ እኅቴ። ይህን ስም የጠራ ሰው የተጠሪውን ማንነት ሳያውቅ በአንድ ቃል ዘመድ ያደርገዋል። በአንቱና በአንተ መካከል የተቸገረም አንቱ ይበል፤ ክብር በዛብኝ ብሎ የተጣላ ሰው አልታየምና። ሰላምታውም ቢሆን በየጊዜውና በየሥራው ተለይቶ የተሰናዳ ነው። ለሚያርሰውና ለሚያጭደው «እግዜር ያበርታችሁ» ይባላል፤ ለሐዘንተኛው «እግዜር ያጥናችሁ» ይባላል። በወልድያና በሐብሩ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በጉርብትና፤ ብዙ ጊዜም በሥጋ ዝምድና ተሳስረው ስለሚኖሩ የአንዱን ሰላምታ ሌላው ያውቀዋል። ስለዚህ የመጀመሪያው ቃል ምን ይሁን እያልን መጨነቅ አይገባንም፤ አባቶቻችንና እናቶቻችን አዘጋጅተውልናል፤ የእኛ ድርሻ ከአፋችን ማውጣት ብቻ ነው።

ሦስተኛው ፍርሃት እንደ ሁለቱ ቀላል አይደለም፤ ምክንያት አለውና። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ወልድያና በዙሪያዋ ያሉት ወረዳዎች ጦርነት አልፎባቸዋል፤ ሰው ሞቷል፤ ንብረት ተዘርፏል፤ ዩኒቨርሲቲውም ከጉዳቱ አልዳነም። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ በክልሉ ሌላ ግጭት ተከተለ። በእንዲህ ያለ ጊዜ የማይታወቅ ሰው ቢያስፈራ የሚያስደንቅ አይደለም። ከሁሉ የሚያሳዝነው ግን አንድ መልካም ጥያቄ መበላሸቱ ነው። ቀድሞ «አገርዎ ወዴት ነው?» ማለት የዝምድና ሐረግ መፈለጊያ ነበረ፤ ተጠያቂው የቀየውን ስም ሲጠራ ጠያቂው «እንግዲያው እገሌን ያውቁታል» ይላል፤ ሁለቱም ሳያስቡት የሚያገናኛቸው ሰው ያገኛሉ። አሁን ግን ይኸው ጥያቄ የኬላ ጥያቄ መስሏል፤ ገና ሲሰማ እጅ መታወቂያ ፍለጋ ወደ ኪስ ይገባል።

ታዲያ መድኃኒቱ ዝም ማለት ነውን? አይደለም፤ ቅደም ተከተሉን ማስተካከል ነው። ጥያቄው ይቆይና ሰላምታው ይቅደም። በ2014 ዓ.ም. በሐብሩ ወረዳ ጃራ በተባለው ስፍራ ከቀያቸው የተፈናቀሉ ብዙ ሰዎች ተጠልለው ነበር። እንዲህ ያለ መከራ ያየ ሰው ስሙን፣ የመጣበትን ስፍራና የቤተ ሰቡን ቁጥር በየመዝገቡ ደጋግሞ ተናግሯል። ስለዚህ በመንገድ ወይም በገበያ ስናገኘው እኛም ሌላ መዝጋቢ ሆነን አንቅረብ። ስለ ዛሬው ቀን፣ ስለ ፀሐዩ፣ ስለ ጤናው እናንሣ፤ ከየት እንደመጣ ሊነግረን ከወደደ ራሱ ይነግረናል።

«ይህ ሁሉ ስለ ሰላምታ ነውን?» የሚል አንባቢ ቢኖር፤ የዚያው የአውራ ጎዳና ታሪክ ይመልስለት። በ1965 ዓ.ም. ወሎ በረሃብ በተመታ ጊዜ የተራበው ባላገር ከየቀየው ወጥቶ ከአዲስ አበባ በደሴና በወልድያ አልፎ ወደ አስመራ በሚሄደው ጎዳና ዳርና በየከተማው ተሰብስቦ ነበር። በዚያ መንገድ መኪናዎች ያልፉ ነበር፤ ሹማምንትም ነጋዴዎችም ይመላለሱ ነበር። ሆኖም ነገሩ በይፋ ሳይነገር ወራት አለፉ፤ በብዙ አሥር ሺህ የሚቆጠር ሕዝብም አለቀ። ነገሩን ለአዲስ አበባ ከገለጡት መካከል በዚያው ዓመት ወደ ወሎ ወርደው ያዩ፣ ፎቶግራፍ ያነሡና ተመልሰው በግቢያቸው ያሳዩ የዩኒቨርሲቲ መምህራን ነበሩ። በ1966 ዓ.ም. መጀመሪያም ጆናታን ዲምብልቢ የተባለው እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ያቀረበው ፊልም ለዓለም አሰማው። መምህራኑ ካለፈው መንገደኛ ሁሉ የሚለዩበት ሌላ ኃይል አልነበራቸውም፤ ሥልጣን አልያዙም፤ እህልም አልጫኑም። የማያውቁት ሰው አጠገብ ቆመው ጉዳዩን ጉዳያቸው አደረጉት። ከማያውቁት ጋር የመነጋገር ድፍረት ለጨዋታ ማሳመሪያ ብቻ አለመሆኑን ከዚህ መረዳት ይቻላል።

አሁን ደግሞ ወደ ቢሮአችን እንመለስ። ባላገሩ በሌሊት ተነሥቶ፤ ብዙ መንገድ በእግሩ ሄዶ፤ ስለ መሬቱ ወይም ስለ ማዳበሪያው ሊጠይቅ ወደ ወረዳ ይመጣል። ከደጁ ሲደርስ ባርኔጣውን አውልቆ ይቆማል። ከጠረጴዛው በስተኋላ ያለው ወጣት ቀና ሳይል ኮምፒውተሩን ይመለከታል፤ ብዙ ጊዜ ይህ ከክፋት የመጣ አይደለም፤ ቀና ካልኩ መነጋገር ሊመጣ ነው ከሚል ፍርሃት ነው። ነገር ግን የሁለቱ ፍርሃት እኩል አይደለም። ባላገሩ የሚፈራው ጉዳዩ እንዳይበላሽበት ነው፤ ወጣቱ የሚፈራው ግን አፍታ እንዳያፍር ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ቃል የማን ዕዳ ነው ብንል መልሱ ግልጽ ነው፤ የሚያጣው ያነሰበት ሰው ዕዳ ነው። ወንበር ያለው ለቆመው፤ ፊደል ያወቀው ላላወቀው፤ የአገሩ ልጅ ለእንግዳው፤ ነባሩ ተማሪ ለአዲሱ ቀድሞ ይናገር። ወልድያ ዩኒቨርሲቲ በ2004 ዓ.ም. ማስተማር ከጀመረ ወዲህ ከኢትዮጵያ ማዕዘን ሁሉ የተመደቡ ተማሪዎች ይመጡበታል፤ ከእነርሱ መካከል አማርኛ ገና የሚከብዳቸው አሉ። እነርሱ ቀድመው ይናገሩ ብሎ መጠበቅ ከተራራ ግርጌ ያለውን ሸክም የያዘ ሰው አንተ ውጣ ብሎ እንደመጥራት ነው።

«ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። ተረቱ እውነት ነው። ሆኖም ያው አማርኛ «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» ሲል ደግሞ አስጠንቅቆናል። ማርክ ግራኖቬተር የተባለው የአሜሪካ የኅብረተሰብ ጥናት ሊቅ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1973 ዓ.ም. ባሳተመው ጽሑፍ፤ ሥራ ያገኙ ሰዎች ወሬውን ብዙ ጊዜ የሰሙት ከቅርብ ወዳጅ ሳይሆን አልፎ አልፎ ብቻ ከሚያዩት ሰው መሆኑን አሳይቷል። ምክንያቱም የቅርብ ወዳጃችን የሚያውቀውን እኛም እናውቀዋለን፤ አዲስ ወሬ የሚመጣው ከሩቁ ሰው ነው። ዲግሪውን ይዞ ሥራ የሚፈልግ ወጣት ይህን ልብ ቢለው ይጠቅመዋል።

ድፍረት ስል ግን መድፈርን ማለቴ አይደለም። በመንገድ የምታልፍን ልጃገረድ ተከትሎ ቃል መወርወር ለከፋ እንጂ ሰላምታ አይባልም። ልዩነቱን ማወቅ አያስቸግርም፤ ሰላምታ የሰጠ ሰው መልስ ቢያጣ መንገዱን ይቀጥላል፤ ለካፊ ግን መልስ ካላገኘ አይለቅም። እኅቶቻችን በብዙ ቦታ ዝም የሚሉት ከዚህ የተነሣ ስለሆነ ዝምታቸውን እንደ ኩራት መቁጠር አይገባንም። አታላይም ስላለ ገንዘብንና የቤትን ምሥጢር ለማያውቁት ሰው መዘርዘር ጅልነት ነው። እንደምን ዋሉ ለማለት ግን ኪስን መክፈት አያስፈልግም።

ይህ ድፍረት በአንድ ቀን አይገኝም፤ እንደማንኛውም ሞያ በመለማመድ ይመጣል። ስለዚህ በትንሹ እንጀምር። ከመርሳ ፍራፍሬ ስንገዛ ዋጋ ከመጠየቃችን አስቀድመን ሻጯን ሰላም እንበላት። ባጃጅ ስንሳፈር ነጂውን እንደምን ዋልክ እንበለው። በሚኒባስ ውስጥ ቢያንስ አንዱን ጆሯችንን ከማዳመጫው ነፃ እናውጣው። ሰኞ ሲመጣ የየመሥሪያ ቤቱ ደጅ ይከፈታል፤ ባለጉዳይም ይቆማል። ጉዳዩን ከማንበባችን በፊት ቀና ብለን «እንደምን አደሩ አባባ፤ ይቀመጡ» እንበል።