ክዳኑ የሚከፈት ማሽን

ሌኖቮ የሚለውን ስም የማያውቅ የኮምፒውተር ተጠቃሚ ዛሬ በአገራችን የለም ማለት ይቻላል። ድርጅቱን መጀመሪያ በእግሩ ያቆመው ግን ኮምፒውተር አልነበረም፤ ኮምፒውተር ውስጥ የሚሰካ አንድ ካርድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 ኒ ጓንግናን የተባለ የቻይና ሳይንስ አካዳሚ መሐንዲስ የሠራው ካርድ በአይቢኤም ማሽን ላይ የቻይንኛን ጽሕፈት ለማስገባት አስቻለ። ካርዱ ገበያ አገኘ፣ ድርጅቱም የቻይንኛ ስሙን ከካርዱ ወረሰ። ከ20 ዓመት በኋላ፣ በ2005፣ ያው ድርጅት የአይቢኤምን የግል ኮምፒውተር ክፍል ገዝቶ ጠቀለለው።

ከቻይንኛው ካርድ 3 ዓመት ቀደም ብሎ ካሊፎርኒያ ውስጥ ተመሳሳይ ነገር ሆኖ ነበር። ቫን ሱዋኑኩል የተባለ የታይላንድ ተወላጅ የዶክትሬት ጽሑፉን በገዛ ፊደሉ ሊያዘጋጅ ፈለገ፤ የአይቢኤም ካርድ አላስችል አለው። ስለዚህ የራሱን ሠራ። 720 በ348 ነጥብ የሚያሳየው የሄርኩሊስ ካርድ የተወለደው እንዲህ ነው፤ ከታይላንድ ፊደል አልፎም የዓለምን ቢሮዎች አዳረሰ።

የእኛም ፊደል ከዚያው ግድግዳ ጋር ተላትሟል። የአይቢኤም የጽሑፍ ካርድ በአንድ ቺፕ ውስጥ የተቀረጹ 256 ቅርጾችን ብቻ ነበር የሚያውቀው። 33ቱ ፊደላት በ7 ሲባዙ 231 ይሆናሉ። የግዕዝ አኃዞች 20 ሲጨመሩ 251። ለእነ ቋና ጓ፣ ለነጠላ ሰረዝና ለአራት ነጥብ፣ ለላቲኑ ፊደል በሙሉ የቀረው ቦታ 5 ነው። ስለዚህ የእኛዎቹ በሶፍትዌር በኩል ዞሩ፤ አሜሪካ ውስጥ ፍሥሐ አጥላውና ዶክተር አበራ ሞላ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ አጋፋሪ የተባለውን ፕሮግራም ያዘጋጀው የብሔራዊ ኮምፒውተር ማዕከል ደከሙበት። ፊደላችን በዩኒኮድ ቦታ ያገኘው በ1999 ነው።

ያ ሁሉ ሲደከም እዚህ በሱዳን ድንበር ቆላ ምን ይሆን እንደነበር ማስታወስ ግድ ይላል። በ1980ዎቹ ከጎንደርና ከትግራይ የተነሣ ስደተኛ በመተማና በሑመራ በኩል እየተሻገረ ገዳሪፍ ይገባ ነበር፤ ኡም ራኩባና ተዋዋ የሚባሉት ካምፖች ስም በብዙ ቤተሰብ ትዝታ ውስጥ አለ። ከዚያ ከወጡት ብዙዎቹ አሜሪካ ሰፈሩ፤ ለሚያሳትሙት ጋዜጣ፣ ለማኅበራቸውና ለቤተ ክርስቲያናቸው ጽሑፍ የአማርኛ ፊደል የሚጽፍ ኮምፒውተር ያስፈልጋቸው ነበር። ከሚያዝያ 2023 ወዲህ ደግሞ መንገዱ ተገልብጧል፤ ሱዳናውያን የአገራቸውን ጦርነት ሸሽተው በመተማ ገቡ፤ መጀመሪያም ኩመርና አውላላ በተባሉ ካምፖች ሰፍረው ነበር። እነሱም የራሳቸው ፊደል ታሪክ አላቸው፤ የኩዌቱ አል-ዓለሚያ በ1980ዎቹ ሳክር የተባሉትን ዓረብኛ የሚችሉ ኮምፒውተሮች ያወጣው በተመሳሳይ ምክንያት ነው።

ይህን ሁሉ የማነሣው በመተማ ዮሐንስ፣ በገንዳ ውኃና በአብደራፊ ስልክ ለሚጠግኑ ወጣቶች ስል ነው። እጃቸው የሚደነቅ ነው። ከሩዝ ፍሬ ያነሰ ዕቃ ከቦርድ ላይ አንሥተው መልሰው ይበይዳሉ፣ ያውም በሚያዝያ ሙቀት ላብ ዓይናቸው እየገባ። ግን ስልኩ ራሱ አያስተምራቸውም። ቦርዱ ከውስጥ ተደራራቢ ነው፤ ንድፉም የአምራቹ ምሥጢር። የትኛውን ቺፕ መለወጥ እንዳለባቸው ያውቃሉ፤ ቺፑ ከጎረቤቱ ጋር ምን እንደሚነጋገር የሚያዩበት መንገድ የላቸውም። አይቢኤም ግን በ1981 የመጀመሪያውን የግል ኮምፒውተሩን ሲያወጣ ሙሉ ንድፉን በመጽሐፍ አትሞ ሸጦታል፤ ማሽኑን የሚያስነሣውን ፕሮግራም ጭምር መስመር በመስመር። በውስጡም ማንም የራሱን ካርድ የሚሰካባቸው 5 ክፍት ቦታዎች ትቷል። እነ ሱዋኑኩልና ኒ ጓንግናን የገቡት በዚያ በር ነው።

በሩ ዛሬም አልተዘጋም። ለዚህ የ1981ዱን ማሽን መፈለግ አያስፈልግም። እስከ 2000 አካባቢ ከተሠሩት ማዘርቦርዶች ብዙዎቹ ያንኑ ካርድ የሚሰካበትን ረጅም ጥቁር መሰኪያ ይዘዋል፤ የትምህርት ቤትና የመንግሥት መሥሪያ ቤት መጋዘን ደግሞ እንዲህ ያሉ ኮምፒውተሮች አቧራ የሚጠጡበት ቦታ ነው። በየጊዜው በሐራጅ በኪሎ ይሸጣሉ፣ ወይም ቁራሌው ይወስዳቸዋል። ይህ ያሳዝነኛል። ንብረት ክፍሎች ቢያንስ መሰኪያው ያለባቸውን ለይተው ለቴክኒክና ሙያ ተቋማት ቢሰጡ እንዴት ያለ ቤተ ሙከራ በሆነ ነበር።

የመሰኪያው አሠራር ለጀማሪ የሚከብድ አይደለም። ዋናው ክፍሉ በአንድ ወገን 31፣ በሌላው 31፣ በድምሩ 62 እግር አለው፤ 20ው አድራሻ፣ 8ቱ ዳታ፣ የቀሩት ኃይልና ትእዛዝ ናቸው። አይቢኤም ለሙከራ ካርዶች ብሎ በሄክሳዴሲማል ከ300 እስከ 31ኤፍ ያሉትን አድራሻዎች ለይቶ ትቷል። የመጀመሪያ ካርድ እንግዲህ 8 መብራት ቢኖረው ይበቃል። አንድ አወዳዳሪ ቺፕ የመጣው አድራሻ 300 መሆኑን ይለያል፤ የጻፍ ትእዛዝ ሲመጣ ሌላ ቺፕ 8ቱን ዳታ ይዞ ያቆያል፤ መብራቶቹ ይበራሉ። ኤኢኤን የሚባለውን እግር ረስቶ የተወ ሰው ካርዱ አልፎ አልፎ ያለ ትእዛዝ ሲቀበል ያያል፤ ማሽኑ በዲኤምኤ፣ ማለትም ፕሮሰሰሩ ሳይገባበት፣ ሜሞሪ ሲያመላልስ መስመሩ ላይ የሚያልፈው አድራሻ ካርዱን ለራሱ የተላከ ይመስለዋልና። እንዲህ ያለውን ስሕተት አሳድዶ መያዝ ከብዙ ሰዓት የክፍል ትምህርት ይበልጣል ባይ ነኝ።

ቦርዱን ኪካድ በተባለው ነጻ ፕሮግራም ነድፎ ቻይና ማዘዝ ይቻላል። ክፍያውና መጓጓዣው ለእኛ አካባቢ ካልቀና፣ ንድፉን በሌዘር ፕሪንተር አትሞ በካውያ መዳብ ላይ ማስያዝ፣ ከዚያም በፌሪክ ክሎራይድ ማስበላት ይቻላል። እንዲህ የተሠራ ጠርዝ ወርቅ ስለሌለው ቶሎ ይዝጋል፤ በላጲስ ማጽዳት ነው። ከመሰካት በፊት ግን በቴስተር 5 ቮልቱና መሬቱ አለመነካካታቸውን ማየት የግድ ነው፤ አለዚያ ማሽኑም አብሮ ይሄዳል። ለዚህ ቆላ የምመክረው የኤችሲቲ ዓይነት ቺፕ ነው፤ ከጥንቱ ኤልኤስ ያነሰ ኃይል ስለሚወስድ ያነሰ ይሞቃል።

መብራቱ ከበራ በኋላ የሚሠራውን ሁለተኛ ካርድ ሳስበው ቆይቻለሁ። በ1999 ዩኒኮድ የተቀበላቸው የእኛ ምልክቶች 345 ነበሩ። እያንዳንዱ 16 በ16 ነጥብ ሆኖ ቢሣል 32 ባይት ይወስዳል፤ በጠቅላላው 11,040 ባይት። 27128 የሚባለው አሮጌ የማስታወሻ ቺፕ 16,384 ባይት ይይዛል፤ ስለዚህ ፊደላችን በሙሉ ከነቁጥሩና ከነነጥቡ በአንድ ቺፕ ገብቶ ቦታ ይተርፋል። የፊደሉን ቁጥር ሲልኩለት 32ቱን ባይት ተራ በተራ የሚመልስ ካርድ ለመሥራት ከዚህ ቺፕ ሌላ ቁጥሩን የሚይዙ ሁለት ቺፖች፣ አንድ ቆጣሪና የአድራሻ መለያው ይበቃሉ። ቅርጾቹን በካሬ ወረቀት ላይ የሚሥል ጽሕፈቱ ያማረ ሰው ያስፈልጋል፤ ጨና ጯ በ16 ነጥብ ውስጥ ሳይጨማደዱ እንዲቀመጡ ማድረግ ከብየዳው ይልቅ ይከብዳል።