ስለ ድመት መጸዳጃ ሽታ፤ በቤት ውስጥም እንዴት እንደሚጠፋ

ዛሬ የምንጽፍላችሁ ነገር በአደባባይ ሲነገር የሚያሳፍር ይመስላል፤ ይኸውም በቤት ውስጥ የሚኖር ድመት የሚጸዳዳበት ሳጥን ስለሚያወጣው ሽታ ነው። ነገር ግን እንግዳው በደጃፍ ገብቶ ገና ሳይቀመጥ አፍንጫውን በነጠላው ጫፍ ሲሸፍን ያየ ባለቤት፤ ነገሩ ቀላል አለመሆኑን ያውቃል። እኛም ይህ ደርሶብን ስለ ነበረ፤ የሳትነውንም ያቀናነውንም ለወዳጆቻችን ልንገልጽ ፈቀድን።

ቀድሞ ጓሮ ባለው ግቢ ስንኖር ይህን ችግር አናውቀውም ነበር። ድመት ሁልጊዜ ነበረን፤ እርሱ ግን ወደ ጓሮ ወጥቶ፤ አፈሩን ጭሮ፤ ጉዳዩን ፈጽሞ፤ አፈሩን መልሶ ከድኖ ይመለሳል። ኋላ በአዲስ አበባ ከኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ገባን። ከአባታችን የወረስነው የብራና ዳዊትና በሳጥን የተቀመጡ የቆዩ ወረቀቶች አሉን። አንድ ቀን ሳጥኑን ብንከፍት፤ አይጥ የአንዱን ደብዳቤ ጽሕፈት በልቶ ማኅተሙን ብቻ አስቀርቶ አገኘነው። ዕድሜውን ከወረቀት ጋር ያሳለፈ ጸሐፊ ይህን አይቶ እንዴት ይተኛል? ስለዚህ ውሮ ብለን የምንጠራውን ወንድ ድመት አመጣን። አይጡ ጠፋ፤ በእርሱ ፈንታ ግን ሽታው ገባ።

በዚህ መካከል ታናሽ እኅታችን የመጀመሪያ ልጇን ለመውለድ፤ እንደ አገራችን ልማድ፤ ከእኛ ጋር ወደሚኖሩት ወደ እናታችን መጣች። በገባች በሦስተኛው ቀን፦ «ጋሼ፤ ይቅር በለኝ፤ በዚህ ሽታ እህል አልበላልህ አለኝ» አለችን። እናታችንም፦ «ልጄ፤ አራስ ቤት እንዲህ አይሸትም። ድመቱን በጆንያ አድርገህ ገበያ ጣለው» ብለው ጆንያውን ራሳቸው ከደጃፉ ኋላ አኖሩት። በጆንያ ተይዞ ከሩቅ ሰፈር የተጣለ ድመት ወይ ለውሻ ወይ ለመኪና እንደሚሆን ሁላችንም እናውቃለን። ነገሩን እንደ ችሎት ልማድ በቀጠሮ ለማቆየት፤ የአሥራ አምስት ቀን ጊዜ ለመንን፤ እናታችንም ፊታቸውን አጥቁረው ፈቀዱልን።

ከዚያ በፊት ያደረግነው ሁሉ ስሕተት እንደ ነበረ መናዘዝ ይገባናል። መጀመሪያ ሽታውን በሽታ ልንሸፍን ፈልገን ከሳጥኑ አጠገብ ዕጣን አጨስን፤ የሎሚ ልጣጭም አኖርን። ድመት ግን በማሽተት ከሰው እጅግ የበለጠ ነው፤ ብርቱ ሽታ፤ ይልቁንም የሎሚና የብርቱካን ሽታ ብዙውን ድመት ያስሸሸዋል። ውሮም ሳጥኑን ትቶ በሳሎኑ ምንጣፍ ጥግ መጸዳዳት ጀመረ። ቀጥለን በሳጥኑ ውስጥ የከሰል አመድ አፈሰስን፤ አመዱ በእግሩ እየተለጠፈ ነጩን የአልጋ ልብስ አቆሸሸ፤ ሽታውም አልቀነሰም። በመጨረሻ የሠራነው ከሁሉ የከፋ ነው። ሳጥኑን ሽንቱ ሳይለቅ በረኪና አፍስሰንበት፤ በተዘጋ መታጠቢያ ቤት ጎንበስ ብለን ስናጥብ፤ ዓይናችን አነባ፤ ጉሮሮአችንም ተቃጠለ፤ እያሳልን ወጣን። በረኪና በሽንት ውስጥ ካለው አሞንያ ጋር ሲገናኝ ክሎራሚን የሚባል መርዛማ አየር እንደሚያወጣ ያወቅነው ከዚህ በኋላ ነው። ይህን ማንም ሰው እንዳያደርገው አጥብቀን እንለምናለን፤ ይልቁንም የቤት ሠራተኞች ይህን እንዲያውቁ አስቀድሞ መንገር የባለቤቱ ፈንታ ነው።

የሽታው ምንጭ ከወዴት እንደ ሆነ ሳናውቅ መድኃኒት ስንፈልግ እንደ ነበር ተረዳንና፤ ወደ መጻሕፍትና ወደ አንድ የእንስሳት ሐኪም ዞርን።

የቤት ድመት ዘሩ ከሰሜን አፍሪካና ከምሥራቅ አቅራቢያ የዱር ድመት ነው። የበረሃ አውሬ ውሃን ስለሚቆጥብ ሽንቱ ጥቂትና እጅግ የወፈረ ይሆናል። በሽንቱ ውስጥ ዩሪያ የሚባል ነገር አለ፤ ይህም ሲወጣ ብዙ አይሸትም፤ ነገር ግን ባክቴሪያ የሚባሉ በዓይን የማይታዩ ነፍሳት ያገኙትና ወደ አሞንያ ይለውጡታል። አፍንጫን የሚወጋው ይህ ነው። እንግዲህ ሽታው የሚበረታው ሽንቱ በቆየ መጠን ነው ማለት ነው። አመድም ጨው የመሰለ የሚያቃጥል ጠባይ ስላለው አሞንያው ቶሎ ተንኖ እንዲወጣ ይረዳዋል፤ የእኛ አመድ ያልጠቀመን ስለዚህ ነው። ከዚህም ሌላ ድመት ብቻ ያለው ሽታ አለ፤ ፌሊኒን ከሚባል ነገር የሚመጣ ሲሆን፤ የጃፓን ሊቃውንት በ2006 ዓመተ ምሕረት፤ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር፤ ይህ ነገር በኩላሊት በሚፈጠር አንድ ፕሮቲን አማካይነት እንደሚገኝ ገልጸዋል። ያልተኮላሸ ወንድ ድመት ይህ እጅግ ይበዛበታል። ሐኪሙ ውሮን አይቶ፦ «ጌታዬ፤ ይህን ካላኮላሹት አሸዋ ብቻውን አይበቃዎትም» ያለን በዚህ ምክንያት ነው። አኮላሸነው፤ ሽታው በአንድ ቀን ባይጠፋም በየሳምንቱ እየቀነሰ ሄደ።

አሁን ስለ አሸዋው እንናገር። በ1947 ዓመተ ምሕረት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር፤ በአሜሪካ በሚሺጋን ግዛት ኤድዋርድ ሎው የሚባል ወጣት ነበረ፤ ቤተ ሰቡ የኢንዱስትሪ ዘይት መምጠጫ የሚሆን ደቃቅ የሸክላ አፈርና ሰጋቱራ ይሸጥ ነበር። አንዲት ጎረቤቱ ለድመቷ አሸዋ ልትለምነው መጣች፤ እስከዚያ ድረስ አመድ ትጠቀም ስለ ነበር ቤቷ ሁሉ የድመት ዳና ሆኖባታልና። እርሱም በአሸዋ ፈንታ ያን የሸክላ አፈር ሰጣት፤ ሴትዮዋም ሌላ አልፈልግም አለች። ሎውም አፈሩን በከረጢት አድርጎ መሸጥ ጀመረና ባለጸጋ ሆነ። እኛ አመዱን በአልጋ ልብሳችን ላይ ባየን ጊዜ ወደ ከረጢቱ ሐሳብ ሳንደርስ ወደ ቁጣ መሄዳችን ያስገርማል።

ኋላም በ1980ዎቹ ቤንቶናይት የሚባለው የሸክላ ዓይነት መጣ፤ ይህ ሽንት ሲነካው ወዲያው እንደ ሊጥ ተያይዞ ጓል ይሆናልና ጓሉን ብቻ ለይቶ ማውጣት ይቻላል። ከውጭ አገር የሚመጣ ስለ ሆነ ዋጋው ለሁሉ አይመችም። እርሱን ያጣ ሰው ከአናጢ ቤት ቀለምም መድኃኒትም ያልነካው ደረቅ ሰጋቱራ ቢያመጣ ይረዳዋል። የወንዝ አሸዋ ሽንትን አይመጥም፤ ወደ ታች ያሳልፈዋል እንጂ፤ ስለዚህ በአሸዋ የሚጠቀም ሰው በፀሐይ ያደረቀውን እያደረገ ቶሎ ቶሎ መለወጥ አለበት።

ሥራው ይህ ነው። አፈሩ ከአምስት እስከ ሰባት ሴንቲሜትር ያህል ይፍሰስ። ቀዳዳ ባለው ጭልፋ ጧትና ማታ ጓሉና ዓይነ ምድሩ ይውጣ፤ ቢያንስ በቀን አንድ ጊዜ ሳይወጣ አይደር። የወጣው በከረጢት ታስሮ ከቤት ጥራጊ ጋር ይሂድ እንጂ ወደ ሽንት ቤት ቧንቧ አይጣል፤ በውሃ የሚያብጥ ሸክላ ቧንቧን ይደፍናል፤ የታችኛው ጎረቤትም ክስ ይዞ ይመጣል። ሳጥኑ አፈሩ በተለወጠ ቁጥር በሙቅ ውሃና ሽታው ባልበረታ ሳሙና ታጥቦ በደንብ ይድረቅ። የፕላስቲክ ሳጥን በድመቱ ጥፍር እየተጫረ ሽታ ስለሚይዝ፤ ሲያረጅ መለወጥ እንጂ ማሸት አይጠቅምም። ክዳን ያለው ሳጥን ለሰው ዓይን ያምራል፤ ሽታውን ግን ውስጥ አፍኖ ለድመቱ ያስቀርለታል፤ እርሱም ሌላ ስፍራ ሊፈልግ ይችላል። ሳጥኑ ሰፊ ይሁን፤ ርዝመቱ የድመቱን አካል አንድ ጊዜ ተኩል ያህል ቢሆን መልካም ነው። አየር በሚገባበት፤ ከምግቡም በራቀ ስፍራ ይቀመጥ። ሁለት ድመት ያለው ሰው ሦስት ሳጥን ያኑር ይላሉ፤ ነገሩ እንደ ብክነት ቢመስልም፤ ድመት የባልንጀራውን ሳጥን የሚንቅበት ጊዜ ብዙ ነው።

ስለ እኅታችን ያስጨነቀን ግን ከሽታው የሚበልጥ ነበር። ቶክሶፕላዝማ የሚባል ረቂቅ ተሐዋሲ በድመት ዓይነ ምድር ሊገኝ ይችላል፤ ነፍሰ ጡር ሴት በእርግዝናዋ ጊዜ መጀመሪያ ከያዛት በማኅፀን ያለውን ልጅ ሊጎዳ ይችላል። ይህን ስንሰማ ጆንያው ትዝ አለን። ሐኪሙ ግን እንዲህ አስረዳን፤ ዓይነ ምድሩ ከወጣ በኋላ ተሐዋሲው ለሰው የሚተላለፍ የሚሆነው ከአንድ እስከ አምስት ቀን ቆይቶ ነውና በየቀኑ የሚጠረግ ሳጥን አደጋው እጅግ ያነሰ ነው። ነፍሰ ጡርዋ ግን ሳጥኑን በእጇ አትንካ፤ ሌላ ሰው ከሌላት በጓንት ይዛ እጇን በሳሙና ትታጠብ። ድመቱም ጥሬ ሥጋ አይሰጠው። ይህንንም ነግሮን፦ «ለመሆኑ እኅትዎ ጥሬ ሥጋ ይበላሉ?» ብሎ ጠየቀን። ይኸው በሽታ ባልበሰለ ሥጋና ባልታጠበ ጎመን ሰላጣም እንደሚተላለፍ አላወቅንም ነበር። እኅታችን በዚያው ሳምንት ሁለት ጊዜ ክትፎ በልታለች። ማታ ይህን ስንነግራት ድመቱን ተመለከተች፤ ምንም አልተናገረችም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ክትፎው በስሎ መጣላት፤ በነጋታውም ወደ ሐኪም ቤት ሄዳ ደሟን ተመረመረች፤ ደኅና ሆነች።

አንድ ነገር ሳንጽፍ ብናልፍ ይፀፅተናል። ወንድ ድመት ደጋግሞ ወደ ሳጥኑ እየገባ፤ እያማጠ፤ አንዲት ጠብታ ብቻ ወይም ምንም ሳይሸና ቢወጣ፤ ጠባዩ ከፍቷል ብላችሁ አትምቱት። የሽንቱ ቧንቧ ተዘግቶ ይሆናልና በአንድ በሁለት ቀን ውስጥ ሊሞት ይችላል፤ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ይሂድ። ከሳጥኑ ውጭ በድንገት መሽናት የጀመረ ድመትም እንዲሁ አስቀድሞ ይመርመር።

አሥራ አምስተኛው ቀን በደረሰ ጊዜ እናታችን ያለ ማስታወቂያ ከቤተ ክርስቲያን ተመለሱ። በደጃፉ ቆመው ሁለት ሦስት ጊዜ አሸተቱ፤ ወደ መታጠቢያ ቤቱም ገብተው ሳጥኑን ጎንበስ ብለው አዩት። «ማን ነው የሚጠርገው?» አሉን። «እኛው ነን፤ እማማ» አልን። «ይጠረግ እንጂ፤ ታዲያ» ብለው ወደ ቡናቸው ሄዱ፤ ጆንያውንም ጤፍ ሊያስቋጥሩበት ወሰዱት።

የቀረን ምንጣፉ ነው። በደረቀ ሽንት ላይ ሳሙና ብቻ አይበቃም፤ ሽንቱን የሚያፈርስ ኤንዛይም ያለበት ማጽጃ ገዝተን፤ እንደ ተጻፈው አርሰን፤ ረጅም ሰዓት ቆይተን አደረቅነው። በብርሃን ሲታይ ንጹሕ ነው፤ ዝናብ በዘነበና አየሩ በረጠበ ቀን ግን በዚያ ጥግ የተቀመጠ እንግዳ አሁንም ወንበሩን ጥቂት ፈቀቅ ያደርጋል። ሁለተኛ ጊዜ እናጥበዋለን፤ ባይለቅ ምንጣፉን እናወጣለን።