በሀዲይሳ ለሚነገር ዜና ማን ይክፈል?

በዚህ ወር ዓምዳችን ከመግሪብ በኋላ ቤተሰቡን ሁሉ ፊቱ ስለሚሰበስበው ስለ ቴሌቪዥን እናወጋለን። «ልጆቻችሁ ስንት ሰዓት ያያሉ?» የሚለውን የተለመደ ጥያቄ ለዛሬ እንተወውና፣ የሚታየውን ነገር ገንዘብ አውጥቶ የሚያሰናዳው ማን ነው፣ ለማንስ ብሎ ነው የሚለውን እንመልከት።

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር በአገሪቱ ብቸኛው ጣቢያ ነበር። ለብዙ ዓመታትም ብቻውን ቆየ። የግል ድርጅቶች በብሮድካስት ሥራ እንዲሰማሩ በሩን የከፈተው የ1991 አዋጅ ሲሆን፣ በ1999 የወጣው አዋጅ ቁጥር 533 ደግሞ አገልግሎቱን የሕዝብ፣ የንግድና የማኅበረሰብ ብሎ በሦስት ከፈለው። የሕዝብ የተባለው በሙሉ ወይም በከፊል በመንግሥት በጀት የሚሠራና ተጠሪነቱም ለፌዴራሉ ወይም ለክልሉ ምክር ቤት የሆነ ነው። አዋጁ አገር አቀፍ ጣቢያዎች ከሳምንቱ ሥርጭታቸው ቢያንስ 60 በመቶውን ለአገር ውስጥ ፕሮግራም እንዲሰጡ ያዝ ነበር። ለልጆች የማይሆነውንም ከምሽቱ 5 ሰዓት እስከ ንጋቱ 11 ሰዓት ባለው ጊዜ ወስኖት ነበር። (በዚያ ሰዓት ልጆቻችን መተኛታቸውን ሕግ አውጪው በምን እንዳረጋገጠ እንጃ!)

ይሁን እንጂ ዲሽ የሚባለው ነገር በየጣሪያው ሲተከል የሕጉ ክንድ አጠረ። በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን የቱርክንና የሌሎች አገሮችን ተከታታይ ድራማ በአማርኛ ድምፅ እየቀዳ በሳተላይት ሲለቅ፣ የአገራችን የኪነ ጥበብ ባለሙያዎች «ሙያችን ሊጠፋ ነው» ብለው ጮኹ። ተመልካቹ ግን ወደ ቃና ሄደ። ተመልካቹን መውቀስ አያስፈልግም፤ የተሻለ የተሠራ ነገር ሲያገኝ ያያል። የሕዝብ የተባለው ጣቢያ ምሽቱን በባለሥልጣናት ስብሰባ ሲሞላው ሪሞቱ ወዴት እንደሚዞር ማንም ያውቃል።

እርግጥ ሕግ ሲቆርጥ ይሠራል። በ2011 የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስወጥቷል። ከዚያ በፊት ኳስ ጨዋታውም የበዓል ዝግጅቱም በቢራ የተከበበ ነበር፤ በበጀት የሚኖረው የሕዝብ ጣቢያ ሳይቀር ከዚሁ ገንዘብ ይካፈል ነበር። ጣቢያዎቹ ገቢያችን ተጎዳ ብለው አማረሩ። ልጆች ይዞ ቴሌቪዥን ለሚያይ ወላጅ ግን ትልቅ እፎይታ ነው፤ ለእኛ ለሙስሊም ቤተሰቦች ደግሞ ይበልጡን።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ከአዲስ አበባ ወደ 230 ኪሎ ሜትር ርቃ ለምትገኘው ለሆሳዕና፣ ለሾኔ፣ ለዱራሜ፣ ለሺንሺቾ ምን ያመጣል? ማስታወቂያ የሚያስነግረው ነጋዴ ገበያ ያለበትን ቦታና ብዙ ሰው የሚሰማውን ቋንቋ ይመርጣል። ነጋዴ ነውና አይፈረድበትም። ስለዚህ የንግድ ጣቢያዎች ቢበዙም ቢፎካከሩም፣ ፉክክሩ ያለው አዲስ አበባ ላይ ነው። በ1999 የሕዝብ ቆጠራ ሀዲያ ተብሎ የተመዘገበው ሕዝብ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሆኖ ሳለ፣ ለሀዲይሳ ፕሮግራም ስፖንሰር የሚሆን ድርጅት ፈልጎ ማግኘት ቀላል አይደለም። ለከምባቲሳማ የባሰ ነው።

ጉዳዩ የባህል ዘፈን ጉዳይ ብቻ ቢሆን ባላስጨነቀን። ከሀዲያና ከከምባታ ስንት ወጣት በኬንያ፣ በታንዛኒያና በማላዊ አድርጎ ወደ ደቡብ አፍሪካ እንደሚሄድ፣ ይህን መጽሔት በሆሳዕና የምታነቡ ከእኛ በላይ ታውቃላችሁ። በሰኔ 2004 በታንዛኒያ ዶዶማ አካባቢ ከ40 በላይ ኢትዮጵያውያን በጭነት መኪና ውስጥ ታፍነው ሞተው ተገኙ። በመጋቢት 2012 በሞዛምቢክ ቴቴ 64 ኢትዮጵያውያን በኮንቴይነር ውስጥ አለቁ። በጥቅምት 2015 በሰሜን ማላዊ ምዚምባ ከ20 የሚበልጡ ስደተኞች አስከሬን ከአንድ የጅምላ መቃብር ወጣ፤ እነርሱም ኢትዮጵያውያን ናቸው ተባለ። እንዲህ ያለው ዜና በአማርኛ ለሁለት ደቂቃ ተነግሮ ያልፋል። መሬት ሸጠው፣ ከብት ሸጠው ለደላላው የሚከፍሉት እናትና አባት ግን ብዙ ጊዜ ነገሩን የሚያመዛዝኑት በአማርኛ አይደለም። ደላላው ደግሞ በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው፣ ቤታቸው ገብቶ፣ ቡና እየጠጣ ነው የሚያነጋግራቸው። ይህንን የሚስተካከል ፕሮግራም በየሳምንቱ፣ ከተመለሱት ልጆች አንደበት፣ በሀዲይሳና በከምባቲሳ ማሰናዳት ትርፍ አያስገኝም። የሕዝብ ብሮድካስት የሚባለው ነገር የተፈጠረው እንዲህ ላለው ሥራ ነበር።

ቀድሞ ይህ ኃላፊነት በሐዋሳ የነበረው የደቡብ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ድርጅት ነበር፤ በክልሉ ልዩ ልዩ ቋንቋዎችም ያሠራጭ ነበር። በ2012 ሲዳማ ራሱን የቻለ ክልል ሲሆን ሐዋሳ መቀመጫው ሆነች። በነሐሴ 2015 ደግሞ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ተመሥርቶ ሆሳዕና የአስተዳደር ማዕከሉ ሆነች። ክልል ሲከፈል ቢሮና ተሽከርካሪ ይከፋፈላል፤ የአንድ ቋንቋ የአየር ሰዓት ግን ማን እጅ እንደገባ ጠይቆ የሚከታተል ያስፈልገዋል።

የማኅበረሰብ ሬዲዮም አለ። ከምባታ ቀደም ብለው የማኅበረሰብ ሬዲዮ ካገኙ አካባቢዎች አንዱ ነው። በዓይነቱ ለእንዲህ ያለው ሥራ ከሁሉ የቀረበ ቢሆንም፣ ነዋሪው ካልደገፈው በማስታወቂያ ብቻ አይቆምም። መስጊዱም፣ ዕድሩም፣ ትምህርት ቤቱም አስተዋጽኦ ሊያደርጉለት ይችላሉ።

በ2013 የወጣው የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238 የቀድሞውን ሕግ ተክቶ፣ ተቆጣጣሪውን ባለሥልጣን ተጠሪነቱ ለተወካዮች ምክር ቤት እንዲሆን አድርጓል። የክልሉ ምክር ቤት ደግሞ ከደጃችን ነው። በሚቀጥለው የበጀት ጉባኤ በፊት የመረጣችኋቸውን ተወካዮች አግኝታችሁ፣ በክልሉ በጀት በሚሠራው ሥርጭት በሳምንት ስንት ሰዓት ሀዲይሳ፣ ስንት ሰዓት ከምባቲሳ እንዳለ፣ ከዚያም ውስጥ ለስደት ጉዳይ የተመደበው ስንት እንደሆነ ጠይቁልን። መልሱን ብትልኩልን በዚሁ ዓምድ እናወጣዋለን፣ ኢንሻ አላህ።