ሙያ የሌለው ስም

«ሩስኛ? ተወው ወንድሜ! አንዱን ስም ስድስት ጊዜ የሚገለባብጥ ቋንቋ ነው። አማርኛችን እንዲህ ያለ ጣጣ የለበትም።»

ይህን ቃል ያልሰማ ማን አለ? ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ወደ ሞስኮ፣ ወደ ኪየቭ፣ ወደ ሚንስክና ወደ ታሽኬንት ተልከው የተማሩ ታላላቆቻችን በቡና ላይ እየሳቁ የሚያወጉት ነው። ቢስቁ መብታቸው ነው። ሕክምናውን ወይም ምሕንድስናውን ከመጀመራቸው በፊት የመጀመሪያውን ዓመት «ፖድፋክ» በተባለው የመሰናዶ ክፍል፣ በበረዶ መካከል፣ የስም ሙያ ሲያጠኑ ከርመዋል። ከእነርሱ ሳቅ ጋር ጠብ የለኝም። ጠቤ ከእኩዮቼ ጋር ነው፤ ቀልዱን እንደ ፍርድ ተቀብለው «ሰዋስው ለምን ይጠቅማል? መናገር ይበቃል» ከሚሉት፤ ከዚያም አልፈው «አማርኛ ድሮስ ምን ሰዋስው አለውና!» እያሉ ሥነ ጽሑፍ እንወዳለን ከሚሉት ጋር።

እስቲ ነገሩን ከሥሩ እንየው። የቀድሞ የሰዋስው ጸሐፊዎቻችን ስም በዐረፍተ ነገር ውስጥ የሚይዘውን ሥራ «ሙያ» ይሉታል፤ ባለቤት፣ ተሳቢ፣ ዘርፍ እያሉም ይከፍሉታል። ሩስኛም ከዚህ የተለየ ነገር አላደረገም። መጽሐፍ በሩስኛ «ክኒጋ» ነው። ባለቤት ሲሆን ክኒጋ፣ ዘርፍ ሲሆን ክኒጊ፣ ሲሰጡት ክኒጌ፣ ሲስቡት ክኒጉ፣ መሣሪያ ሲያደርጉት ክኒጎይ፣ ስለ እርሱ ሲያወሩ ደግሞ እንደገና ክኒጌ። ይኸው ነው ስድስቱ። አሁን አማርኛውን አጠገቡ አስቀምጡት፦ መጽሐፉ፣ የመጽሐፉ፣ ለመጽሐፉ፣ መጽሐፉን፣ በመጽሐፉ፣ ስለ መጽሐፉ። ጣጣ የለበትም የተባለው ቋንቋ ይህ ነው!

«የ፣ ለ እና በ መስተዋድድ ናቸው እንጂ እንደ ሩስኛው የስሙን መድረሻ የሚለውጡ አይደሉም» የሚል የቋንቋ ምሁር ቢነሣ እውነቱን ነው። ሩስኛ ጾታውንና ቁጥሩን ጨምሮ፣ ቅጽሉንም ከስሙ ጋር አብሮ እያስለወጠ ሠንጠረዡን ያበዛዋል። ግን «ን» ብቻዋን ስንት ታሪክ አላት! «መጽሐፍ ገዛሁ» ስንል ትጠፋለች፤ «መጽሐፉን ገዛሁ» ስንል ትመጣለች፤ «ትልቁን መጽሐፍ ገዛሁ» ስንል ከመጽሐፉ ወርዳ ቅጽሉ ላይ ትወጣለች። «የጎረቤቴን በግ አየሁ» ስንልም ያየነው በጉን ሆኖ ሳለ «ን» የምትቀመጠው ጎረቤቱ ላይ ነው። «ውሻው ልጁን ነከሰው» እና «ልጁን ውሻው ነከሰው» ብንል ነካሹና ተነካሹ አይምታቱብንም፤ ሩስኛም ቃላቱን እንደ ልቡ የሚያቀያይረው በዚሁ ምክንያት ነው። እንግሊዝኛ ግን ውሻውንና ልጁን ቦታ ቢያለዋውጥ ነካሹ ልጁ ይሆናል። ታዲያ የትኛው ነው ለእኛ ባዳ?

የሚያሳዝነው ደግሞ ይህን ሁሉ በቁም ነገር ይዘው የመረመሩልን ሩስያውያኑ መሆናቸው ነው። ዩሽማኖቭ የአማርኛን አወቃቀር የሚመረምር መጽሐፉን በሌኒንግራድ ያሳተመው በ1936 እ.ኤ.አ. ነው። የጋንኪን የአማርኛ-ሩስኛ መዝገበ ቃላት በሞስኮ የወጣው በ1969 እ.ኤ.አ. ነው። ቲቶቭ ስለ ዘመናዊው አማርኛ የጻፈውም በ1971 እ.ኤ.አ. ታትሟል። እነርሱ የእኛን «ን» ቁጭ ብለው ሲቆጥሩ እኛ በእነርሱ ሠንጠረዥ እንስቃለን።

ነገሩ ለሀገራችን አዲስ ቢሆን ኖሮ ሳቁ ይቅር በተባለ። ነገር ግን በዋሸራ፣ በጎንጅና በዋድላ የቅኔ ቤት ተማሪው ቁራሽ እየለመነ፣ ደበሎ ለብሶ የተማረው ይህንኑ አይደለምን? «መጽአ ንጉሥ» ሲል ንጉሡ ባለቤት ነው፤ «ርኢኩ ንጉሠ» ሲል ተሳቢ ነው። ሳድሱ «ሥ» ወደ ግዕዙ «ሠ» ስለ ተለወጠ ብቻ የመጣው ንጉሥ የታየ ንጉሥ ሆነ። ከቃል አመሠራረትም ጥሬ ዘር፣ ባዕድ ዘር፣ ምዕላድ ዘር፣ ባዕድ ከምዕላድ እያለ ይቆጥራል። ባዕድ ከቃሉ በፊት የሚጨመረው ፊደል ነው፤ ምዕላድ በኋላው የሚጨመረው። የሩስኛ መምህር በብዙ ድካም የሚያስረዳውን ነገር የእኛ መሪጌታ በአራት ስም ጠቅልሎታል።

እኔ በምኖርበት በሽሮ ሜዳ ከሸማኔው ድር መካከል ወዲያና ወዲህ የምትመላለሰውን ዕቃ ምን እንላታለን? መወርወሪያ። «ወረወረ» ከሚለው ግሥ በፊት «መ»፣ በኋላው «ያ» ተጨምሮ የተሠራች ናት፤ ባዕድ ከምዕላድ ማለት ይህ ነው። ሸማኔው የትም ዩኒቨርሲቲ ሳይገባ ይህን ቃል ይሠራበታል። ዩኒቨርሲቲ የገባነው ግን ለአዲስ ዕቃ አዲስ ስም አውጡ ብንባል የእንግሊዝኛውን ስም ይዘን እንቀመጣለን።

በሙያዬ የባንክ ሠራተኛ ነኝና ከመስኮቴም አንድ ምሳሌ ልጨምር። ሩስኛ «ኾድ» የሚል ሥር አለው፤ ጆሯችን «ሆድ» ብሎ ቢሰማውም ትርጉሙ መሄድ ነው። በፊቱ «ቭ» ሲገባ ቭኾድ፣ መግቢያ ይሆናል፤ «ቪ» ሲገባ ቪኾድ፣ መውጫ፤ «ፔሬ» ሲገባ ፔሬኾድ፣ መሻገሪያ። «ዶኾድ» ሲሉ ገቢ ማለታቸው ነው፤ «ራስኾድ» ሲሉ ወጪ። ልብ በሉ! ሩስያዊው ገንዘብ ሲያገኝ ገንዘቡ ወደ እርሱ ይሄድለታል፤ ሲያወጣ ይበታተንበታል። እኛም ገንዘቡን በእግሩ አስኪደነዋል፤ ገባ ካለው ገቢ፣ ወጣ ካለው ወጪ አበጅተናል። ተቀማጭ ከተቀመጠ፣ ወለድ ከወለደ መጣ። አያቶቻችን ለሒሳብ መዝገብ ይህን ያህል የጠራ ቃል ካወጡ፣ እኛ ለዛሬው ገንዘብ ማስተላለፊያ ስልክ ቃል አይገኝለትም የምንለው በምን አፋችን ነው?

«የድሮ ነው፤ ለዘመናዊ ሐሳብ አይሆንም» የሚለኝ እንዳለ አውቃለሁ። ርዕዮተ ዓለም የሚለውን ቃል ይመርምር። ሩስያውያኑ «ሚሮቮዝሬኒዬ» ይላሉ፤ ዓለምን ማየት ማለት ነው። እኛ ርዕዮትን ይዘን፣ ቅኔ ቤት እንዳስተማረን መድረሻውን «ት» ወደ «ተ» ለውጠን፣ ከዓለም ጋር አናበብነው። ቤተ መንግሥት፣ መዝገበ ቃላት፣ ሥነ ጽሑፍ የተሠሩት በዚሁ መንገድ ነው። ያ ሰው ሁሉ የሚስቅበት የመድረሻ ለውጥ አማርኛ ለአዲስ ሐሳብ ስም የሚያወጣበት መሣሪያ ነው። ሰዋስውን የጣለ ይህን መሣሪያ ጥሏል።

አሁን ወደ ሥነ ጽሑፍ ልመለስ፤ ክርክሩ የሚያስቆጨኝ በእርሱ ምክንያት ነውና። በፑሽኪን (1799–1837 እ.ኤ.አ.) ደም እንኮራለን። የቅድመ አያቱ የአብራም ሃኒባል አገር ኢትዮጵያ ነው ወይስ በቻድ ሐይቅ አካባቢ ያለው ሎጎን ነው እያልን እንከራከራለን፤ በአዲስ አበባ አደባባይም በስሙ ጠርተናል። ግጥሙን ግን ብዙዎቻችን የምናውቀው በእንግሊዝኛ በኩል ነው። ዘር ቆጥረን ቋንቋውን መተው ምን የሚሉት ዝምድና ነው?

የዶስቶየቭስኪን ወንጀልና ቅጣት እንውሰድ። በ1866 እ.ኤ.አ. የወጣ ልብ ወለድ ነው። የሩስኛው ርዕስ የመጀመሪያ ቃል «ፕሬስቱፕሌኒዬ» ነው፤ «ስቱፕ» እርምጃ ሲሆን «ፕሬ» ማለፍን ያመለክታል። ድንበር ረግጦ ማለፍ ማለት ነው። የእንግሊዝኛው ርዕስ ይህን እርምጃ አይዝም። አማርኛ ግን «መተላለፍ» የሚል ቃል አለው፤ ከ«አለፈ» የመጣ፣ በመጽሐፍ ቅዱስ ቋንቋችን ሕግን መጣስ ማለት የሆነ። የዋናው ገጸ ባሕርይ የራስኮልኒኮቭ ስምም እንዲሁ ባዶ ስም አይደለም፤ «ራስኮል» መሰንጠቅ፣ መለያየት ነው። ገንዘቡን በራስኾድ የበታተነችው «ራስ» እዚህ ደግሞ ሰውየውን ሁለት አድርጋ ሰንጥቃዋለች። የለመድነው የአማርኛ ርዕስ ይለወጥ አልልም፤ ወንጀልና ቅጣት በጆሯችን ገብቷል። የምለው ይህ ነው፦ የቃል አመሠራረት የሚያውቅ ተርጓሚ ሩስኛውና አማርኛው እንግሊዝኛን ሳያስፈቅዱ በቀጥታ እንደሚነጋገሩ ያያል። የማያውቀው ግን ከትርጉም ላይ ትርጉም ይደርባል፤ አንባቢውም የቀዘቀዘ ወጥ ይቀርብለታል።

«ሠንጠረዥ ፍቅር ይገድላል» ለሚሉትም መልስ አለኝ። ሠንጠረዡን ብቻ ሸምድዶ ለፈተና መትፋት በእርግጥ ይገድላል፤ ዩኒቨርሲቲዎቻችን ቋንቋ ሲያስተምሩ ብዙ ጊዜ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። የቅኔ ቤቱ ሥርዓት ግን ሌላ ነበር። ተማሪው ግስ ያወርዳል፤ ያወረደውን ይዞ ይቆጥራል፤ የቆጠረውንም ለመምህሩ ይነግራል፤ ተበላሽቶ ሲገኝ ይታረምለታል። ሸምዳጁና ፈጣሪው አንድ ሰው ነው። የሩስኛውን ስድስት ሙያ በዚህ መንገድ የተማረ ሰው፣ ማለትም ትናንት ያጠናውን መድረሻ ዛሬ በሁለት ስንኝ የሚሞክር፣ ጣጣ ነው ብሎ አያማርርም።

«ሶቭየት ኅብረት በ1991 እ.ኤ.አ. ፈረሰች፤ ሩስኛ ዛሬ ምን ያበላል?» ለሚለኝ፣ የማወራው ስለ እንጀራ አይደለም። ያን ቋንቋ በወጣትነታቸው የተማሩ ታላላቆቻችን ዛሬ አርጅተዋል። በራሳቸው ውስጥ ያለው ዕውቀት፣ ሁለቱን ቋንቋዎች ፊት ለፊት የማስቀመጥ ችሎታ፣ በአማርኛ ካልተጻፈ አብሯቸው ይቀበራል። ስለዚህ የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። ጋሼዎችና እትዬዎች፣ ቀልዱን ትታችሁ ሰዋስውን ጻፉልን፤ ባለቤት፣ ተሳቢ፣ ባዕድ፣ ምዕላድ በሚሉት በራሳችን ቃላት ጻፉት። እኩዮቼ ሆይ፣ እናንተ ደግሞ ከመሳቃችሁ በፊት ከሩስኛም ከአማርኛም አንድ አንድ ቃል ፈትታችሁ እዩ።

ሙያ ያልተሰጠው ስም መዝገበ ቃላት ውስጥ ተኝቶ ይኖራል እንጂ ዐረፍተ ነገር አይሠራም። «የሥነ ጽሑፍ ወዳጅ» የሚለውም ስም እንዲሁ ነው።

ቸር ይግጠመን።