የጭልጋ ከሰል ሒሳብ

ከጎንደር ወደ መተማ በሚወስደው መንገድ 60 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው የጭልጋዋን አይከል ከተማ ያገኛል። በዚያ አካባቢ የድንጋይ ከሰል መኖሩ ከታወቀ ቆይቷል። መብራት በጠፋ ቁጥር ጄኔሬተር የሚያስነሳው ነጋዴም ሆነ የናፍጣ ወፍጮ ያለው ባለንብረት፣ ከሰሉ እያለ ለምን እንቸገራለን ማለቱ አይቀርም። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን በሒሳብ እንጂ በምኞት አይገኝም።

የከሰል ማመንጫ ውኃ አፍልቶ በእንፋሎቱ ተርባይን ያሽከረክራል። አሮጌዎቹ ከከሰሉ ሙቀት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጡት አንድ ሦስተኛውን ያህል ብቻ ነው። በምርምር የተሻሻሉትና ከፍተኛ ግፊትና ሙቀት የሚችሉት 45 በመቶ ያደርሱታል። ለአንድ ዓይነት ኃይል ከአራት ጆንያ ከሰል አንዱ ይተርፋል ማለት ነው፤ ጭሱም በዚያው ልክ ይቀንሳል።

ችግሩ እነዚህ ማመንጫዎች የሚያዋጡት በመቶ ሜጋዋቶች መጠን ተገንብተው ለብዙ ዓመታት ከሰል ሳይቋረጥባቸው ሲሠሩ መሆኑ ነው። የጭልጋው ደግሞ አመድ የበዛበት፣ ሙቀቱ ያነሰ ሊግናይት ነው። በአሜሪካ ሚሲሲፒ ኬምፐር በተባለ ሥፍራ ሊግናይትን ወደ ጋዝ ለውጦ በንጽሕና ለማቃጠል የተጀመረው ፕሮጀክት፣ ወጪው ከ7 ቢሊዮን ዶላር አልፎ እ.ኤ.አ. በ2017 የከሰሉ ሥራ ተትቷል። ባለጸጋውን አገር ያደከመ ወጪ ጭልጋ ላይ ማን ይሸከመዋል?

በሌላ በኩል ውኃው አለ። ተከዜ 300፣ ጣና በለስ 460 ሜጋዋት እንዲያመነጩ የተሠሩ ናቸው። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ አቅም ደግሞ ከ5,000 ሜጋዋት በላይ ነው። ወደ ሱዳን የተዘረጋው የኤሌክትሪክ መስመርም የሚያልፈው በጎንደር በኩል ነው። እንግዲህ ለደጋው ቀበሌ የጎደለው ማመንጫ ሳይሆን ከዋናው መስመር የሚያወርድለት ትራንስፎርመርና ሽቦ ነው።

ታዲያ ከሰሉ ተቀብሮ ይቅር? አይደለም። የሲሚንቶ ፋብሪካዎች ለዓመታት ከሰል በውጭ ምንዛሪ ሲያስመጡ ኖረዋል። የጭልጋው ታጥቦ አመዱ ቢቀንስ ለእነርሱ ይበጅ እንደሆነ መፈተሽ ተገቢ ነው። መሬቱን የሚለቀው ገበሬ ካሳም ቁፋሮው ሳይጀመር በሒሳቡ መግባት አለበት። ለመብራት ሲባል የከሰል ማመንጫ በዕዳ ማቆም ግን ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።