ሰነፉ ተማሪው አይደለም፣ ሰሌዳው ነው

አማኑኤል ላይ «ፒካፕ ምንድን ነው?» ብትሉ ሕፃኑም ይነግራችኋል፤ ከደብረ ማርቆስ ወደ ደምበጫ በሚወስደው አስፋልት የሚያልፍ፣ ኋላው ክፍት የሆነ መኪና። ያው ልጅ ዘጠነኛ ክፍል ሲገባ «ፒክ አፕ» ግስ ሆኖ ይጠብቀዋል። የምንባቡ ሰውዬ ስልክ «ፒክ አፕ» ያደርጋል፤ ልጁን ከትምህርት ቤት «ፒክ አፕ» ያደርጋል፤ ፓሪስ ሄዶ ፈረንሳይኛ «ፒክ አፕ» ያደርጋል፤ መጨረሻ ላይ ነፋሱ ራሱ «ፒክ አፕ» ያደርጋል። ተማሪው የሸመደደው «ከመሬት ማንሳት» የሚለውን ብቻ ነው። «ነፋሱ አቧራ አነሳ» ብሎ ይገምታል፤ ነፋሱ በረታ ማለት እንደሆነ ማን ይንገረው? እኛም «የዘንድሮ ተማሪ ሰነፍ ነው» ብለን እናልፋለን።

ኧረ ሰነፉስ ሰሌዳው ነው! ለሁለት ይከፈላል፤ በግራ የእንግሊዝኛው ግስ፣ በቀኝ ፍቺው፣ አንድ ለአንድ። ገልብጥ፣ ሸምድድ፣ ተፈተን፣ እርሳ።

እስቲ በዚህ ሰሌዳ «አነሳ»ን አስተምሩኝ። ሸክም አነሳ። ስልክ አነሳ። ፎቶ አነሳ። ጥያቄ አነሳ። ጠብ አነሳ። ሹሙን ከሥልጣን አነሳ። ሚኒባሱ መንገድ ላይ ሰው አነሳ። ክርስትና አነሳ። ይህን ሁሉ ለልጁ ማን አስጠናው? ማንም። ከግሱ በፊት የመጣውን ስም እያየ ነው የሚረዳው። «ብድግ አለ» ሲባልም «ምን አለ?» ብሎ አይጠይቅም፤ ሁለት ቃል ተጣምሮ ሌላ ትርጉም እንደሚወልድ በአራት ዓመቱ ያውቃል። ክፍል ሲገባ ግን ይህን እውቀቱን በር ላይ አስቀምጥ ይባላል።

«አማርኛ ከገባ እንግሊዝኛው ይበላሻል» የሚሉ አሉ። ግማሽ እውነት አላቸው፤ ፎቶ በእንግሊዝኛ «ፒክ አፕ» አይደረግም፣ ቋንቋም በአማርኛ ይለመዳል እንጂ አይነሳም። ታዲያ ይህ ልዩነት የሚታየው ሁለቱ ጎን ለጎን ሲቀመጡ አይደለም? ነገሩ የእኛ ልጆች ችግር ብቻም አይደለም። በፈረንጆቹ 1755 ታላቁን የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ያሳተመው ሳሙኤል ጆንሰን፣ ለባዕድ ሰው ከሁሉ የሚከብዱት እነዚህ ግሶች መሆናቸውን በመግቢያው ላይ ጽፏል።

ጉዳዩ የሰዋስው ቅንጦት እንዳይመስላችሁ። ሁለተኛ ደረጃ የሚማሩት በእንግሊዝኛ ነው። የፊዚክሱ ጥያቄ «ወርክ አውት» ሲል አስላ ማለቱ ነው፤ ልጁ ግን ቲክቶክ ላይ የሚያውቀው ጂም ውስጥ ብረት የሚነሳበትን ነው። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ላይ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ። ሁሉንም በእንግሊዝኛ ማላከክ አይቻልም። ግን ጥያቄው ያልገባው ልጅ መልሱን ቢያውቀውስ በምን ይታወቅለታል?

የሚያስቆጨው ይህ ዲማ ጊዮርጊስ ባለበት ምሥራቅ ጎጃም መሆኑ ነው። አንድ ቃል ሁለት ትርጉም ተሸክሞ ሲመጣ «ይበል!» የሚባልበት የቅኔ አገር ልጅ፣ ስለ «ፒክ አፕ» ሰነፍ ይባላል?

መምህራን ሆይ፣ ሰሌዳውን ለሁለት አትክፈሉት። «ምኑን ነው ያነሳው?» ብላችሁ ጠይቁ። ቀሪውን ልጁ ያውቀዋል።